ዘላዩና ሸራው

ሰውየው በመስኮት ዘሎ ወጣ፤ ሲያርፍ ግን ያየው የለም። ኤፕሪል 19 ቀን 1911 በሞንቴ ካርሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመድረክ የበቃው «የጽጌረዳዋ መንፈስ» የተሰኘ አጭር ባሌት የሚያልቀው እንዲህ ነው (በዚህ ምዕራፍ ቀኑም ዓመቱም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ከዳንስ ግብዣ የተመለሰች ልጃገረድ ጽጌረዳዋን እንደያዘች ወንበር ላይ እንቅልፍ ይወስዳታል። የአበባው መንፈስ በተከፈተ መስኮት ይገባና አብሯት ይደንሳል። በመጨረሻም መድረኩን በሩጫ አቋርጦ በሌላው መስኮት ብን ይላል። ፓሪስና ለንደን ይህን ዝላይ ሲያወሩ ዓመታት ፈጁ። ሰው አየር ላይ ቆሞ ቀረ፣ አልወረደም፣ ከመሬት ጋር ውል የለውም ተባለ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ዓይን የአንድን ዝላይ ከፍታ የሚገምተው ዘላዩ ሲወጣ አይቶ ብቻ አይደለም፤ ሲወርድ ጭምር አይቶ ነው። መውረዱን የሚጋርድ ነገር ካለ፣ ተመልካቹ ሰውየውን በልቡ ሽቅብ እንደያዘው ይቀራል። ዳንሰኛው ቫስላቭ ኒዢንስኪ የመስኮቱን ደፍ የሚያቋርጠው ገና ከፍታው ላይ ሳለ ነበር። ከደፉ ወዲያ ያለውን ግድግዳው ሸፈነው። ከግድግዳው ጀርባ የሚጠብቁ ሰዎች ይቀበሉታል፤ ትንፋሹ ተቆርጦ፣ ላቡ እየወረደ እጃቸው ላይ ይወድቃል። ያንን ክፍል፣ ግድግዳውንና ወደ አትክልቱ ቦታ የተከፈቱትን ሁለት ትልልቅ መስኮቶች የነደፈው ሰዓሊው ሌዮን ባክስት ነው። ዝላዩ የኒዢንስኪ ነው፤ ከፍታው ግን በከፊል የባክስት ነው ማለት ይቻላል።

ልብሱም የባክስት ነበር። ገላ ላይ የሚጣበቅ የሐር ሹራብ ነው፤ ላዩ ላይ ከጨርቅ የተቆረጡ የጽጌረዳ ቅጠሎች ተሰፍተውበታል። ቅጠሎቹ ቀለማቸው አንድ ዓይነት አይደለም፤ ፈዛዛ ሮዝ አለ፣ ወይን ጠጅ አለ፣ ጫፉ የጠወለገ የሚመስል አለ። ኒዢንስኪ ሊደንስ ሲል ሹራቡን ገላው ላይ ይሰፉለት ነበር። በየምሽቱ የሚረግፉትን ቅጠሎች አገልጋዩ ለሴት አድናቂዎች እየቸረቸረ ቤት ሠራበት የሚል ቀልድም ተርፏል።

ስለ ኒዢንስኪ ሲወራ ሁልጊዜ የሚወራው ስለ እግሩ ነው። እግሩ በእርግጥ ጉድ ነበር። ስሙን ያስጠሩት ሥራዎች ግን አንዳቸውም ባዶ መድረክ ላይ አልተወለዱም። ከእያንዳንዱ ጀርባ አንድ ሰዓሊ አለ፤ በሰዓሊውና በዳንሰኛው መካከል ደግሞ ያልተፈታ ጭቅጭቅ አለ። ሸራ ጠፍጣፋ ነው፣ ሰው ደግሞ ድቡልቡል ነው። ሁለቱ አንድ መድረክ ላይ ሲገናኙ ማን ለማን ይገዛ?

ኒዢንስኪ በ1889 ኪየቭ ውስጥ ተወለደ። አባቱም እናቱም ከከተማ ከተማ እየዞሩ የሚደንሱ ፖላንዳውያን ነበሩ። በ1898 በሴንት ፒተርስበርግ የንጉሠ ነገሥቱ የቲያትር ትምህርት ቤት ገባ፤ በ1907 ተመርቆ ማሪንስኪ ቲያትር ተቀጠረ። ቁመቱ አጭር፣ ጭኑ የደነደነ፣ ንግግር የማይሆንለት ወጣት ነበር። ከመድረክ ውጪ ሲያዩት ዓይን የማይስብ፣ ልብስ ለብሶ ፊቱን ሲቀባ ግን ሌላ ፍጡር የሚሆን ሰው እንደነበር የሚያውቁት ሁሉ ጽፈዋል።

የተቀጠረበት ቤት ሀብታም ነበር፤ ዓይኑ ግን ደክሞ ነበር። በንጉሠ ነገሥቱ ቲያትሮች ዲኮር የሚሠራው እንደ መሥሪያ ቤት በክፍል ተከፋፍሎ ነው። ጫካ የሚስል አለ፣ ቤተ መንግሥት የሚስል አለ፣ ልብስ የሚያወጣው ደግሞ ሌላ ነው፤ ተቀምጠው የሚመክሩበት አጋጣሚ እምብዛም አልነበረም። ዋናዋ ባለሪና የፈርዖን ልጅ ብትሆን፣ የሕንድ ጸሎተኛ ብትሆን፣ ቱቱ ቀሚሷን አታወልቅም። ጫፉ ላይ ትንሽ የግብፅ ጌጥ ጣል ከተደረገበት ግብፅ ሆነ ማለት ነው። አልማዟንም ከቤቷ ይዛ ትመጣለች፤ እረኛ ሆና ስትጫወትም ታጠልቀዋለች።

ይህን ያፈረሰው ሐሳብ መጀመሪያ የታየው ሞስኮ ውስጥ በአንድ የባቡር ሐዲድ ከበርቴ ቤት ነው። ሳቫ ማሞንቶቭ በ1885 የግል ኦፔራ ሲከፍት ዲኮሩን ለቲያትር ቤት ቀቢዎች አልሰጠም፤ ለጓደኞቹ፣ በሰዓሊነታቸው ለታወቁት ለቫስኔትሶቭ፣ ለፖሌኖቭ፣ ለኮሮቪን ሰጠ። በ1898 ደግሞ ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ «የኪነ ጥበብ ዓለም» የተሰኘ መጽሔት ወጣ። አዘጋጁ ሰርጌይ ዲያጊሌቭ ነበር፤ ራሱ ሰዓሊም የሙዚቃ ደራሲም ሳይሆን ሰዓሊንና የሙዚቃ ደራሲን አንድ ክፍል ውስጥ ቆልፎ ሥራ የሚያወጣ ሰው። በዙሪያው አሌክሳንደር ቤኑዋና ሌዮን ባክስት ነበሩ። በሜይ 1909 ዲያጊሌቭ ዳንሰኞቹን ይዞ ፓሪስ ሻትሌ ቲያትር ሲወርድ፣ መጋረጃውንና ዲኮሩን የሳለው ሰው ከጫማ እስከ ቆብ ያለውን ልብስም ነድፎ መጣ። ፈረንሳዮች ከዳንሱ እኩል የደነቃቸው ይህ ነው።

የሩሲያ ሰዓሊዎች ሸራ የሚቀቡበት መንገድ ራሱ መታወቅ አለበት። በእንግሊዝ ልማድ ሸራው ፍሬም ላይ ተወጥሮ ቆሞ ይቀባል። ሩሲያውያኑ ግን እንደ ብዙው አውሮፓ ወለል ላይ ዘርግተው፣ እጀታው እንደ መጥረጊያ የረዘመ ብሩሽ ይዘው፣ ጎን ለጎን የቀለም ባልዲ አስቀምጠው፣ ሸራው ላይ እየተራመዱ ይቀባሉ። ቀለሙ ዱቄት ነው፤ ከእንስሳት ቆዳና አጥንት በሚወጣ ሙጫ በሙቁ ይበጠበጣል። የዘይት ቀለም የመድረክ መብራት ሲያርፍበት ያብረቀርቃል፤ የሙጫው ቀለም ግን ብርሃን ይውጣል እንጂ አይመልስም። አንድ ችግር አለው፤ ሲደርቅ ይገረጣል። ስለዚህ ቀቢው እርጥቡን እያየ ደረቁን ማሰብ አለበት። ቆሞ የሚሠራበት ስፋት ደግሞ የራሱን ብሩሽ ውጤት ሙሉ በሙሉ እንዳያይ ያደርገዋል፤ ለማየት መሰላል ላይ ይወጣል። ባክስት በአንድ ወረቀት ላይ በውኃ ቀለም የሠራው ትንሽ ንድፍ ወደ መድረክ ስፋት ሲያድግ አረንጓዴው አረንጓዴ ሆኖ እንዲቀር ያደረጉት እነዚህ እየተራመዱ የሚቀቡ ሰዎች ናቸው፤ ስማቸው በፕሮግራሙ ላይ በትንንሽ ፊደል ነው የሚጻፈው።

ጁን 4 ቀን 1910 በፓሪስ ኦፔራ «ሸሐራዛድ» ተከፈተ። የንጉሡ የሚስቶች እልፍኝ ነው። ባክስት ግዙፍ አረንጓዴና ሰማያዊ መጋረጃ ከላይ አጥፎ አወረደ፤ ከሥር ቀይና ብርቱካናማ ምንጣፍ አነጠፈ፤ መብራቶች አንጠለጠለ፤ ወንበር አልነበረም፣ ትራስ በትራስ ነበር። እስከዚያ ድረስ የአውሮፓ ጨዋ ዓይን አረንጓዴና ሰማያዊ ጎን ለጎን ሲቀመጡ እንደ ስሕተት ያያቸው ነበር። ባክስት ሆን ብሎ አጣላቸው፤ ከዚያም ልብሱን በተቃራኒው ቀለም ሠርቶ በዚያ ጠብ ውስጥ ሰዎችን አስሮጠ። ኒዢንስኪ ገላውን ተቀብቶ ወርቃማውን ባሪያ ሲጫወት፣ ወርቁ በአረንጓዴው ላይ ሲሮጥ ነው የሚታየው። ሲሞትም በጭንቅላቱ ተገልብጦ ይወድቃል። ቀለሙ ከቲያትር ቤቱ ወጥቶ መንገድ ለመንገድ ተዛመተ። ልብስ ሰፊው ፖል ፑዋሬ ጥምጥምና ሱሪ መሳይ ቀሚስ ሸጠ፣ ካርትዬ ኤመራልድን ከሰንፔር ጋር አጣመረ፣ የሀብታም ሳሎኖች በትራስ ተሞሉ።

ያ ምሥራቅ ግን የትም አገር የለም። ንጉሡ ሚስቶቹንና ባሪያዎቹን የሚያሳርድበት፣ ጥቁር ሰውና ሴት ሁሉ ሥጋ ብቻ የሆኑበት ምሥራቅ ከባግዳድ ይልቅ ለፓሪስ ምኞት የቀረበ ነው። የባክስትን ቀለም ማድነቅና ይህን ማየት አይጣረሱም። ባክስት ራሱ በግሮድኖ የተወለደ አይሁዳዊ ነበር፤ በዋና ከተማው ለመኖር የሩሲያ መንግሥት ፈቃድ የሚጠይቀው ሰው።

ልብስ በዚያ ዘመን የቀልድ ነገር አልነበረም። በ1911 መጀመሪያ ኒዢንስኪ ማሪንስኪ ላይ «ጂዜል» የተሰኘውን ባሌት ደነሰ። የለበሰው ቤኑዋ ለፓሪስ የነደፈለትን ነው፤ አጭር የመካከለኛው ዘመን ቀሚስ ከታይት ጋር። የቤቱ ደንብ ግን ወንድ ዳንሰኛ ታይቱ ላይ አጭር ሱሪ ደርቦ ይለብሳል ይላል። እሱ አልደረበም። የንጉሠ ነገሥቱ እናት እቴጌ ማሪያ በክብር ሰገነታቸው ተቀምጠው ነበርና ተቆጡ ተባለ፤ በማግስቱ ከሥራ ተሰናበተ። የዲያጊሌቭ ቡድን እስከዚያ ቀን ድረስ ከንጉሠ ነገሥቱ ቲያትሮች በዕረፍት ወራት በተበደሩ ዳንሰኞች የሚሠራ ነበር። ኒዢንስኪ በአንዲት ሱሪ ምክንያት ነጻ ሰው ሲሆን ቡድኑም ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ ኩባንያ ሆኖ ቆመ። የተባረረው በዲያጊሌቭ ሴራ ነው ብለው የጠረጠሩም ነበሩ።

በዚያው ዓመት ጁን 13 ቀን የታየው «ፔትሩሽካ» ሰዓሊዎቹ ለዲኮር ምን ያህል ይጣሉ እንደነበር ያሳያል። ሙዚቃው የስትራቪንስኪ፣ ዲኮሩ የቤኑዋ ነው። ኒዢንስኪ ነፍስ የዘራ አሻንጉሊት ሆኖ፣ እግሩን ወደ ውስጥ አጥፎ፣ እጁን በጓንቲ አደንዝዞ ይጫወታል። አስማተኛው ጌታው የሚቆልፍበት ጥቁር ክፍል ግድግዳ ላይ የአስማተኛው ምስል ተሰቅሏል። ዲኮሩ ወደ ፓሪስ ሲጓዝ ተጎዳ፤ ቤኑዋ ታሞ ስለነበር ባክስት ምስሉን መልሶ ሳለው። ቤኑዋ ልምምድ ላይ መጥቶ ሲያየው በሰው ፊት ጮኸ፣ ሥራውንም ጥሎ ወጣ። ሲያዩት የሕፃን ኩርፊያ ይመስላል። ክርክሩ ግን ከባድ ነበር። የቤኑዋ አስማተኛ ፊት ለፊት ያፈጣል፤ ፔትሩሽካ የትም ቢዞር ዓይኑ አይለቀውም፤ የሚያሸንፈው በዚያ ዓይን ነው። ባክስት ምስሉን በጎን አድርጎ ሳለው። ወደ ጎን የሚያይ አስማተኛ ደግሞ እስረኛ አይጠብቅም። ቤኑዋ ሥዕሉን እንደ ተዋናይ ነበር የሚቆጥረው፤ ተዋናዩ ተቀየረበት።

ይህ ሁሉ ሲሆን ስዊዘርላንድ ውስጥ አንድ ሰው የተቀባ ሸራ የሚባል ነገር ከመድረክ ይውጣ እያለ ነበር። አዶልፍ አፒያ በ1890ዎቹ በዋግነር ኦፔራዎች ላይ በጻፋቸው መጻሕፍት ያነሳው ነጥብ ቀላል ነው። የተሳለ ዛፍ ላይ ብርሃንና ጥላው አብሮ ተስሏል። ተዋናዩ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ግን እውነተኛ ነው። ሁለቱ በአንድ ጊዜ እውነት ሊሆኑ አይችሉም፤ ሰውየው ወደ ዛፉ በተጠጋ ቁጥር ዛፉ ወረቀት፣ ሰውየውም ትልቅ ሆኖ ይታያል። መፍትሔው ሸራውን አውጥቶ ደረጃ፣ መደብ፣ አምድ መሥራትና በላዩ ብርሃን መልቀቅ ነው። እንግሊዛዊው ጎርደን ክሬግም በሌላ መንገድ ወደዚያው ሄደ፤ በ1912 መጀመሪያ ለሞስኮ የኪነ ጥበብ ቲያትር «ሐምሌት»ን ያለ ሥዕል፣ በረጃጅም የሚታጠፉ ግድግዳዎች ብቻ አቆመ። በእነሱ ዓይን የዲያጊሌቭ መድረክ ምን ያህል ቢያምር ያው የድሮው የተቀባ ሸራ ነው። ለእኔ የአፒያ ክስ ልክ ነው፤ ለሸሐራዛድም ይሠራል። ከታዛቢ መቀመጫ ርቆ ለሚያይ ሰው ቀለሙ ጥያቄውን ያስረሳዋል እንጂ አይመልሰውም።

ኒዢንስኪ ያንን ክስ ያንብብ አያንብብ ለውጥ የለውም፤ መልሱን ግን ሰጠ። ማንም ባልጠበቀው አቅጣጫ። አፒያ ሸራውን አስወግዶ ለሰውየው ጥልቀት ሊሰጠው ፈለገ። ኒዢንስኪ ሸራውን ትቶ ሰውየውን ጠፍጣፋ አደረገው።

«የፋውን ከሰዓት በኋላ» ሜይ 29 ቀን 1912 ሻትሌ ላይ ታየ። በደቂቃ ቢለካ አሥራ ሁለት አይሞላም። ታሪክ የለውም ቢባልም ይቻላል፤ ግማሽ ሰው ግማሽ ፍየል የሆነው ፋውን ጉብታ ላይ ተጋድሟል፤ ሰባት የውኃ ልጃገረዶች ይመጣሉ፤ ከአንዷ ጋር ይፋጠጣል፤ ትሸሻለች፤ ሻሿን ጥላ ሄዳለችና እሱን ይዞ ወደ ጉብታው ይመለሳል። ሙዚቃው ዴቡሲ በ1894 ያስደመጠው ነው፤ ጠርዝ የሌለው፣ እንደ ሙቀት የሚንሳፈፍ።

ኒዢንስኪ ይህንን ሲያዘጋጅ የግሪክ ሸክላዎችንና የግብፅ የድንጋይ ቅርጾችን በሉቭር ሙዚየም ተመልክቷል። ባክስትም በ1907 ከሰዓሊው ሴሮቭ ጋር ግሪክን ዞሮ የመጣ ነውና በዚህ መንገድ የገፋው እሱ ነው። ውጤቱ ለባሌት ሰው ስድብ ነበር። ጭንቅላትና እግር ወደ ጎን ያያሉ፣ ደረት ወደ ተመልካች ያያል፣ መዳፍ ተዘርግቶ እንደ ቢላ ይደርቃል። ዳንሰኞቹ ከግራ ወደ ቀኝ ወይም ከቀኝ ወደ ግራ ብቻ ይሄዳሉ፤ ወደ ተመልካቹ መምጣት፣ ወደ ኋላ መሸሽ የለም። መዞር ሲያስፈልግ በአንድ ምት ገጽ እንደ መግለጥ ይገለበጣሉ። አረማመዱ ተረከዝ ቀድሞ ነው፤ ልጅነታቸውን በሙሉ የእግር ጣት ጫፍ ሲዘረጉ ለኖሩ ሴቶች ከባድ ነበር። ሙዚቃው ሲፈስ እነሱ ይቆማሉ፣ እነሱ ሲንቀሳቀሱ ሙዚቃው አይከተላቸውም። በአውሮፓ አንደኛ የሚባለው ዘላይ ለራሱ የፈቀደው ዝላይ አንድ ብቻ ነው።

አሁን መድረኩን ልብ በሉ። የባክስት ሸራ እንደተለመደው መጨረሻው ግድግዳ ላይ አልተሰቀለም። ወደ ፊት ተስቦ ከመድረኩ ጠርዝ ብዙም ሳይርቅ ወረደ፤ ዳንሰኞቹ ሁለት ሜትር ገደማ ስፋት ባላት ጠባብ ሰቅ ላይ ተገፉ። እንዲህ ሲሆን ጥልቀት በአካልም ጠፋ። ሰው ከሸራ የሚለይበት አየር ቀረ። የአፒያ ጥያቄ የሚነሳው በሰውና በሸራ መካከል ባዶ ቦታ ስላለ ነው፤ ኒዢንስኪ ቦታውን ዘጋው።

ልብሱ ሥራውን ጨረሰ። ባክስት ነጣ ያለ ታይት ላይ ቡናማ ነጠብጣብ እንደ ጥጃ ቆዳ ጣለ፤ ነጠብጣቡ ጨርቁ ሲያልቅ አላለቀም፣ በባዶው ክንድ ላይ በቀለም ቀጠለ። ጨርቅ የት እንደሚያበቃ፣ ገላ የት እንደሚጀምር ለማየት ቀርቦ መፈለግ ያስፈልጋል። ጆሮው በሰም ረዘመ፣ ፀጉሩ ወርቃማ ቆብ ሆኖ ትንንሽ ቀንዶች ወጡበት። ልጃገረዶቹ በእጅ የተሳለበት ስስ ሽንሽን ጨርቅ ለበሱ፤ ታይት አልነበራቸውም። በዚያው ዓመት ባሮን አዶልፍ ደ ማየር ያነሳቸው ፎቶግራፎች አሉ። በአንዱ ክንዱን ስትመለከቱ የቀለሙ ነጠብጣብ ከክርኑ በላይ ካለው የጨርቅ ጠርዝ ላይ ግማሹ እዚህ ግማሹ እዚያ ሆኖ ይታያል። የባክስት እጅ በአንድ ዳንሰኛ ቆዳ ላይ እንዲህ የሠራበት ቦታ ሌላ አላውቅም።

እንከን የለውም ማለት አይደለም። ሸራው ራሱ እረፍት የለውም። ባክስት የሳለው የበልግ ቅጠል፣ ዐለትና ፏፏቴ የሞላበት፣ ቡናማው ከአረንጓዴው ከግራጫው የሚሯሯጥ መልክዓ ምድር ነው። ዳንሱ እንደ ድንጋይ ቅርጽ ቀዝቃዛና የተቆጠረ ነው። እንዲህ ላለ ዳንስ ባዶ ግድግዳ ይበቃው ነበር። ያም ሆኖ ባለ ነጠብጣቡ ፋውን በዚያ ሸራ ፊት ቆሞ ሲያዩት አንዳንዴ ቅጠሉ ውስጥ ይጠፋል፤ ሲንቀሳቀስ ብቻ ይወጣል። ከድክመት የተገኘ ውበት እንደሆነ እቆጥረዋለሁ።

ተመልካቹ ግን ስለ ሸራ አልተከራከረም። በመጨረሻው ቅጽበት ፋውኑ ሻሹ ላይ ተደፍቶ አንድ መንቀጥቀጥ ይንቀጠቀጣል፤ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም አልጠፋም። ግማሹ አጨበጨበ፣ ግማሹ አፏጨ፣ ዲያጊሌቭም እዚያው እንዲደገም አዘዘ። በማግስቱ የ«ለ ፊጋሮ» ዋና አዘጋጅ ጋስቶን ካልሜት የጋዜጠኛውን ሐተታ አስቀርቶ ራሱ በፊት ገጽ አወገዘ። ቀራፂው ኦጉስት ሮዳን በ«ለ ማተን» ጋዜጣ ኒዢንስኪን ደግፎ ሲወጣ ካልሜት ዞሮ ሮዳንን ያዘው፤ መንግሥት ቤት ሰጥቶ ያኖረዋል ብሎ። ወሬው ለትኬት መልካም ነበር። ዴቡሲ ግን ዳንሱን አልወደደውም።

የኒዢንስኪ የሚቀጥለው ዓመት ባሌት «የጸደይ ሥርዓት» ብዙ ስለተጻፈለት እዚህ አላስረዝመውም። ሜይ 29 ቀን 1913፣ አዲሱ የሻንዜሊዜ ቲያትር፣ ረብሻው፣ ኒዢንስኪ ከመጋረጃ ጀርባ ወንበር ላይ ቆሞ ለዳንሰኞቹ ቁጥር ሲጮህ፤ ሁሉም ይታወቃል። ለዚህ ምዕራፍ የሚሆነው ሰዓሊው ኒኮላስ ሮሪክ ነው። ሮሪክ የጥንት መቃብር የሚቆፍር አርኪዮሎጂ አዋቂ ነበር፤ ታሪኩን ከስትራቪንስኪ ጋር የነደፈውም እሱ ነው። ዳንሰኞቹን ከባድ የሱፍ ቀሚስ አለበሳቸው፤ ጠርዙ ላይ ክብ፣ ሦስት ማዕዘንና መስመር በቀለም ታትሞበታል። እግራቸውን በጨርቅና በጠፍር ጠመጠመ። ያን ለብሶ መንሳፈፍ አይቻልም። ኒዢንስኪ ደግሞ መንሳፈፍ አልፈለገም፤ ጉልበት ታጥፎ፣ እግር ወደ ውስጥ ዞሮ፣ መሬት ይደበደባል። በመድረኩ ላይ ክብ ሠርተው ሲዞሩ በልብሳቸው ጠርዝ ያለው ክብ አብሮ ይዞራል። ያቺ ሥራ በፓሪስና በለንደን ጥቂት ምሽቶች ብቻ ታይታ ተቀበረች። በ1987 ሚሊሰንት ሆድሰንና ኬኔት አርቸር ለጆፍሪ ባሌት መልሰው ሲያቆሟት፣ ከደረሱባቸው አስተማማኝ ማስረጃዎች መካከል የተረፉት የሮሪክ ልብሶችና ንድፎች ነበሩ። ጨርቁ ከእርምጃው ይልቅ ዕድሜ አገኘ።

በሴፕቴምበር 1913 ኒዢንስኪ ቦነስ አይረስ ላይ ሃንጋሪያዊቷን ሮሞላ ደ ፑልስኪን አገባ፤ ወዳጁም አሠሪውም የነበረው ዲያጊሌቭ በቴሌግራም አባረረው። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ቡዳፔስት ላይ እንደ ጠላት አገር ዜጋ ተይዞ ቆየ። ከተለቀቀ በኋላ የመጨረሻውን ባሌት የሠራው አሜሪካ ነው፤ ሰዓሊውም ሩሲያዊ አልነበረም።

ሮበርት ኤድመንድ ጆንስ ያኔ ገና ወጣት ነው፤ በርሊን የማክስ ራይንሃርትን ቲያትር አይቶ ተመልሶ፣ በ1915 ኒው ዮርክ ላይ በሠራው አንድ ዲኮር የአሜሪካን የመድረክ ዲዛይን አዲስ መንገድ አሳይቷል። በ1916 በጋ ባር ሃርበር ላይ ከኒዢንስኪ ጋር ተቀምጦ «ቲል ኦይለንሽፒገል»ን ነደፈ፤ የሪቻርድ ስትራውስ ሙዚቃ ነው፣ ታሪኩ የጀርመን መካከለኛው ዘመን ቀልደኛ። ጆንስ የብራውንሽቫይግን ገበያ በሌሊት ሳለው፤ ቤቶቹ ሰክረው እንደተደገፉ ያጋድላሉ። ሰዎቹንም እንደ ቤቶቹ አጣመማቸው፤ የሀብታም ሴቶች ቆብ እንደ ማማ ይቆማል፣ የቀሚሳቸው ጅራት ከኋላ ይጎተታል፣ የድሆቹ ልብስ ደግሞ ቡትቶ ነው። ሥራው ሰላም አልነበረውም። ኒዢንስኪ ዲኮሩ ቁመት አነሰው ብሎ ጆንስ ላይ ጮኸ፤ ልምምድ ላይ ቁርጭምጭሚቱ ተጎድቶ መክፈቻው ዘገየ። የኦርኬስትራ መሪው ፒየር ሞንቶ አገሬን የሚወጋ ጀርመናዊ ሙዚቃ አልመራም ስላለም መሪ ተቀየረ። ኦክቶበር 23 ቀን ማንሃተን ኦፔራ ሐውስ ላይ ተከፈተ። ተመልካች ወደደው፣ አሜሪካንን ዞረበት፣ አውሮፓ ግን ሳያየው ቀረ። ዲያጊሌቭም አላየውም። ስለ ኒዢንስኪ በሚጻፉ መጻሕፍት ይህ ሥራ በሁለት መስመር የሚታለፈው ለዚህ ይመስለኛል፤ የፓሪስ ምስክር የለውማ።

ከዚያ በኋላ ሰዓሊ አላስፈለገውም። ጃንዋሪ 19 ቀን 1919 በስዊስ ሳንክት ሞሪትዝ፣ ሱቭሬታ ሐውስ ሆቴል ውስጥ ጥቂት እንግዶች ፊት ደነሰ። ሮሞላ እንደጻፈችው መጀመሪያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አያቸው። ቀጥሎ ጥቁርና ነጭ ቬልቬት ጥቅል አምጥቶ ወለሉ ላይ በመስቀል ቅርጽ ዘረጋ፤ ከራስጌው ቆሞ እጁን ዘረጋ፤ ስለ ጦርነቱ እደንሳለሁ አለ። ብዙም ሳይቆይ ሐኪሞች የአእምሮ ሕመም አለበት አሉ፤ ኤፕሪል 8 ቀን 1950 በለንደን እስከሞተበት ድረስ ወደ መድረክ አልተመለሰም። በ1919 አካባቢ የሣላቸው ሥዕሎች ተርፈዋል፤ ክብና ቅስት፣ ቅስትና ክብ።

ሲደንስ የሚያሳይ ፊልም የለም። ዲያጊሌቭ ካሜራ አይፈቅድም ነበር። የተረፈው ፎቶግራፍ፣ ልብስና ንድፍ ነው፤ ከቡድኑ መጋዘን በ1960ዎቹና በ70ዎቹ በሶዝቢ ጨረታ ከተሸጠው ብዙው ዛሬ ለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም፣ ካንቤራ የአውስትራሊያ ብሔራዊ ጋለሪ ውስጥ ነው። አንድ ነገር ግን በራሱ እጅ ጽፎ ትቷል። በ1915 ቡዳፔስት ተይዞ በነበረበት ጊዜ የ«ፋውን»ን እያንዳንዱን እንቅስቃሴ፣ ጣትና አንገት ሳይቀር፣ ከትምህርት ቤቱ የተማረውን የዳንስ አጻጻፍ አሻሽሎ በምልክት ጻፈው። ሮሞላ ለብሪቲሽ ሙዚየም ሰጠችው፤ ለብዙ ዓመታት ማንበብ የሚችል ጠፍቶ ተቀመጠ። በ1980ዎቹ መጨረሻ አን ሃቺንሰን ጌስትና ክላውዲያ የሽከ ፈቱት። እስከዚያ ድረስ ዳንሰኛ ለዳንሰኛ በቃል ያወረሰው «ፋውን» ከጽሑፉ ጋር ሲመሳከር በብዙ ቦታ ይለያይ ነበር።

ስለዚህ ዛሬ ሥራውን ማቆም የሚፈልግ ቡድን እርምጃውን ከመጽሐፍ ማግኘት ይችላል፤ ነጠብጣቡን ከደ ማየር ፎቶግራፍ፣ ቀለሙን ከባክስት ንድፍ። የሚቀረው ለመድረክ ሠራተኛው የሚሰጥ መልስ ነው፤ ሸራው ከመድረኩ ጠርዝ ስንት ሜትር ላይ ይሰቀል? ወደ ኋላ ከተሰቀለ ዳንሰኞቹ በሰፊ ሜዳ ላይ በጎን የሚሄዱ እንግዳ ሰዎች ይሆናሉ። መለኪያው ወጥቶ ሁለት ሜትር ላይ ምልክት የተደረገ እንደሆነ ልምምዱ ሊጀመር ይችላል።